በስምህ አጠገብ የሚጻፈው

ጎንደር፣ ፀዳ
ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለምወድህ ልጄ ለኪዳነ ማርያም፤

እንዴት ሰነበትክ? እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። ሌላ የድንጋይ ደወል ልቅዳ ብለህ ከሄድክ ወዲህ ስልክህ አይሠራም። ከትክል ድንጋይ ከተማ ወዲያ ኔትወርክ የለም ይላሉ፤ መንገዱም ተዘግቷል ይላሉ። ይህን የት እንደምልከው አላውቅም፤ ጽፌ ልጨርስና ለጓደኛህ ለሐምዛ እሰጠዋለሁ።

አልበሙ ወጣልህ። ያ ጀርመኖቹ ከየአገሩ አንድ አንድ ሥራ እየሰበሰቡ የሚያወጡት። ሐምዛ ስልክ ወደሚጠግንበት ሱቁ ወስዶ በማዳመጫ አሰማኝ። እሱ "የሙከራ ሙዚቃ" ይለዋል፤ እኔ እንኳ ሙከራውን እንጂ ሙዚቃውን ገና አላገኘሁትም። የደብራችንን ደወል አንዴ ትመታና ድምፁ እስኪያልቅ ድረስ ሰው ታስጠብቃለህ። አባትህ መሪጌታ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቢሰሙት "ይህ ልጅ ዜማውን ጥሎ የት ሄደ?" ባሉ ነበር።

ስለ አልበሙ ሁለት ሰዎች ጽፈዋል፤ ሐምዛ እየተረጎመ አነበበልኝ። አንደኛው ያንተን "አሰልቺ" ብሎ በአንድ መስመር አለፈው። ተናደድኩ። እኔ እናትህ ልበልህ እንጂ እሱ ማን ሆነና ነው? ሁለተኛዋ ሴት ናት፤ እሷ በደንብ ጽፋለች። ከጎንደር ነው ከማለት በቀር ማን እንደሆነ አይታወቅም ትልሃለች። ደወሉ ሲያበቃ ሰው የወጣበት ቤት ይሰማል፤ መጨረሻው ላይ አንድ ወጣት ጸሎት የመሰለ ነገር ይናገራል፤ ከሰማሁት ጀምሮ ከጆሮዬ አልወጣም ትላለች።

ጸሎት አይደለም። "እማዬ፣ አንዴ ዝም በይልኝ፤ እየቀዳሁ ነው" ነው የምትለው። ያኔ ደወሉን ቀድተህ መጥተህ የቤቱን ዝምታ ስትቀዳ፣ እኔ ጓዳ ሳህን እያጠብኩ ነበር። ሐምዛ ስልኬ ላይ ስለጫነልኝ በየቀኑ እሰማዋለሁ። ስትናገር ሁልጊዜ ዘወር እላለሁ። አልጋህን ሳነጥፍ ደግሞ፣ ስልኩ ተዘግቶም ቢሆን፣ ትንፋሽህ ከኋላዬ ይሰማኛል። አልዋሽህም፣ እፈራለሁ። ግን ከክፍሉ አልወጣም፤ ከወጣሁ አንተም የምትሄድ ይመስለኛል።

አንድ ነገር ልንገርህ። በማለዳ በር መክፈት ትቻለሁ። ባለፈው ሰሞን ጎሕ ሲቀድ ተንኳኳ። በመስኮት አየሁ። የነፍስ አባታችን ቄስ ህሩይ ናቸው፤ ከኋላቸው የሰፈሩ ሽማግሌዎች፤ ከእነሱ ጋር ደግሞ ደወል ልትቀዳ ወደዚያ ስትሄድ ቤታቸው የምታድርባቸው ገበሬ፣ አያ በላቸው። ቦርሳህን በብብታቸው ይዘዋል። በደኅናው ቀን ሰው በዚያ ሰዓት ተሰብስቦ ሰው ቤት አይመጣም። መርዶ ነው ጎሕ ሲቀድ የሚነገረው።

"ወለተሩፋኤል፣ ምነው? በላቸው ነኝ፤ ክፈችልን እንጂ" አሉ።

እንዳልሰማ ሆንኩ። ከዚያ ወዲህ በየማለዳው ይመጣሉ፤ ፀሐይ ከፍ ሲል ይመለሳሉ። ረፋድ ላይ ከፍቼ ገበያ እሄዳለሁ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ ሰላም ይለኝና አንገቱን ይደፋል። እኔም ያልተነገረኝን አላውቅም፤ ቲማቲሜን ገዝቼ እመለሳለሁ።

ትናንት ሐምዛ ሱቁን ዘግቶ በቀን መጣ። በሚቀጥለው ስብስብ ያንተን ሥራ መጀመሪያ ላይ ሊያደርጉት ነው፤ ያቺ የጻፈችልህ ሴት ናት ያስመረጠችህ አለኝ። እልል ልል ስል ዓይኑን ከመሬት አላነሳም።

"እማማ፣ በስሙ አጠገብ ምን እንጻፍ ይላሉ።"

"የተወለደበትን ዓመት ጻፍላቸዋ።"

"እሱንማ ጽፌላቸዋለሁ" አለ። ከተወለድክበት ቀጥሎ የሚጻፍ ሌላ ዓመት እንዳለ ገባኝ። ከዚያ አለቀሰ። "አይዞህ፣ አይዞህ" እያልኩ እኔ አባበልኩት። ማልቀሱን ስንት ቀን ይዞት እንደከረመ እንጃ። እናቱ መርዶ ሳትረዳ ጎረቤት አያለቅስ፣ ድንኳን አይተከል፣ ቄሱ አይጸልዩ። አያ በላቸው እንኳ በአጨዳ ወቅት እህላቸውን ሜዳ ላይ ጥለው እዚህ ሰው ቤት ተቀምጠዋል። የሚያለቅስልህ ሰው ሁሉ እኔን እየጠበቀ ነው። እኔ አንተን ያቆየሁ መስሎኝ ነበር፤ ለካ አንተን ብቻህን ነው ያስቀመጥኩህ።

ነገ ጎሕ ሲቀድ እከፍታለሁ። ቤቱን ጠርጌያለሁ። ከጎረቤታችን ከሸዋረጋ ቤት አግዳሚ ወንበር ተዋስኩ፤ ለምንድን ነው ብላ አልጠየቀችኝም፤ እሷው ራሷ ተሸክማ አመጣችልኝ።

ነገ ስላንተ የምለውን ቃል ያስለውጡኛል። ዛሬ ግን ገና አልተነገረኝም፤ ስለዚህ እናት ለመንገደኛ ልጇ የምትለውን እልሃለሁ። የሄድክበት ይቅናህ። ክፉ አይንካህ። ኪዳነ ምሕረት ከፊት ከኋላህ ትሁን። በሰላም ግባልኝ፤ ጋቢህን ትተህ ነው የሄድከው፣ ብርድ እንዳይመታህ።

እናትህ
ወለተሩፋኤል