ከአጥሩ ማዶ ስላሉት ዶሮዎቼ

ቀን፦ መጋቢት 11

ለአካባቢ ጽዳትና ደንብ ማስከበር ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ ጎረቤቴ በጓሮው ዶሮ ለማርባት ያቀረበው ማመልከቻ ውድቅ እንዲደረግልኝ ስለመጠየቅ

ክቡር ሆይ፣

1. እኔ አመልካች ቤቴ ውስጥ ልብስ እየሰፋሁ የምተዳደር ባለትዳር ነኝ። የሰፈራችን ደንብ አንድ ቤት አውራ ሳይጨምር እስከ ስድስት ዶሮ እንዲያረባ ይፈቅዳል፤ ይህም አጥር የሚጋራው ጎረቤት ከፈረመለት ነው። የእኔ ጎረቤት ባለ መድኃኒት ቤቱ ነው። ፈርሞልኝ ነበር። ከዚያም የዶሮዎቼን እንቁላል "እህቴ፣ እጅሽ ይባረክ" እያለ ዓመት ሙሉ በልቷል።

2. ባለፈው ወር ግን ሽታው አስሜን ቀሰቀሰብኝ ብሎ ፊርማውን አነሳ። ደንብ አስከባሪዎችዎ በጠራራ ፀሐይ፣ የሰፈር ሰው እያየ፣ ስድስቱንም በማዳበሪያ ከረጢት ከተው ወሰዷቸው። ሕግ ነውና ወደ ስፌቴ ተመለስኩ።

3. ጽሕፈት ቤቱ በጨረታ ሲሸጣቸው የገዛቸው የዚሁ ሰው አማች መሆኑን፣ ገዝቶም ለእሱ እንዳመጣለት ያወቅሁት ከአጥሩ ማዶ ሲያስካኩ ሰምቼ ነው። በርጩማ ላይ ወጥቼ አየሁ። የራሴ ናቸው! ለይቼ እንዳውቃቸው ከሙሽራ ቀሚስ የተረፈ ቀይ ሳቲን እግራቸው ላይ አስሬ ነበር፤ ሰውየው ዓይኑን በጨው አጥቦ ጨርቁን እንኳ አልፈታም። አስሙን ምን እንዳዳነለት ግን ለሕመምተኛ ሁሉ ስለሚጠቅም እግረ መንገዳችሁን ብትጠይቁልኝ።

4. አሁን በራሱ ስም ፈቃድ ጠይቋል። ደንቡ ለሁላችንም ደንብ ነውና የእኔ ፊርማ ያስፈልገዋል። ትናንት ሚስቱን ላከብኝ፤ እሷም "ያለፈው አለፈ፣ እንቁላሉን እንካፈላለን" አለችኝ። የገዛ ዶሮዬን እንቁላል! እጄ ቢቆረጥ አልፈርምም።

5. ስለዚህ ማመልከቻው ውድቅ ሆኖ ዶሮዎቹ በጠራራ ፀሐይ፣ በዚያው ዓይነት ከረጢት፣ እሱ ደጃፉ ላይ ቆሞ እያየ እንዲነሱልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ቢቻል ቅዳሜ ይሁን፤ መድኃኒት ቤቱን ዘግቶ ቤቱ የሚውለው ያን ቀን ነው። አንጀቴ ቅቤ የሚጠጣው ያኔ ነው። ይመለሱልኝ አላልኩም፣ እንደማይፈርምልኝ አውቃለሁ። ለፈለጋችሁት ሽጧቸው፤ የእሱ ዘመድ ብቻ አይሁን።

6. ባለቤቴ ይህን አቤቱታ አንሱልኝ ብሎ ሰው ቢልክ እንዳይሰሙት አደራ እላለሁ። የከባድ መኪና ሹፌር ነበር። ግማሽ ጎኑን ከያዘው ሕመም ወዲህ ከአልጋ የሚያስነሳው ዶሮዎቹን ማውጣት ብቻ ነበር፤ ሲወሰዱበት ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተኛ። አሁን ጠዋት ጠዋት በምርኩዝ እስከ አጥሩ እየሄደ ይጠራቸዋል። ድምፁን ያውቁታል፤ በወዲያ በኩል እየተንጫጩ ይሰበሰቡለታል። ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጦ "ፈርሚለት በእናትሽ፣ ድምፃቸው ይበቃኛል" እያለ ይለምነኛል። እስከ ዛሬ የለመነኝን እምቢ ብዬው አላውቅም። ቅዳሜ ይነሱልኝ።

ከሰላምታ ጋር
ልብስ ሰፊዋ አመልካች
(ፊርማ)