ያን በር ጌታ አልዘጋውም

ለጫልቱ አባት፣

ከተለየኸኝ ሦስት ዓመት ከአራት ወር ሆነ። ደብዳቤ ስጽፍልህ ይህ የመጀመሪያዬ ነው። በሕይወት ሳለህ ከአንድ ቤት ወጥተን አንድ ቤት ስለምንገባ ምን ብዬ እጽፍልሃለሁ? አሁን ግን የምነግረው ሰው አጣሁ። ለወንጌላዊው እንዳልነግረው ነገሩ ያንተም እጅ አለበት፤ ለጫልቱ እንዳልነግራት ሁለተኛ ልጇን አርግዛለች፣ ጉደር ድረስ በስልክ አስደንግጫት ምን አተርፋለሁ። ስለዚህ የሆዴን ላንተው ልጻፈው።

አስቀድሜ የቤቱን ልንገርህ። ጣራውን ጎረቤት ተረባርቦ ቀይሮልኛል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ባልዲ የምንደቅንባት ጥግ አሁን ደረቅ ናት። ከበራችን እስከ መናኸሪያው ድንጋይ ተነጥፎ ባጃጅ ቀኑን ሙሉ ይመላለስበታል። አንተ በእግርህ ትሄደው የነበረውን መንገድ እኔ ጉልበቴን እያመካኘሁ በባጃጅ እሄደዋለሁ። መነጽርህ መስኮቱ ላይ ነው፤ አላነሳሁትም። የሥራ ቅጥር ደብዳቤህን፣ ያንን አናቱ ላይ አምቦ ሳይሆን ሀገረ ሕይወት የሚለውን፣ ለልጃችን ለሌሊሳ ሰጠሁት። ከተማችን እንዲህ ትባል እንደነበር አያውቅም ኖሮ ሳቀ። ያን ጊዜ ገና ይስቅ ነበር።

የእሁዱ የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርትህ እንዳንተ የሚያስተምረው ሰው አላገኘም። የሚመጣው ዓመት የምርጫ ዓመት ስለሆነ ሽማግሌዎቹ ያንን ትምህርትህን እንደገና ማስተማር አሰቡና ማስታወሻህን ስጪን ብለው ሁለት ጊዜ ላኩብኝ። የትኛውን እንደሆነ ታውቀዋለህ፤ ዮቶር ለሙሴ በሕዝቡ ላይ ምን ዓይነት ሰው እንዲሾም የመከረበትን። አንተ አራት ጥያቄ አድርገህ ሰሌዳው ላይ ትጽፈው ነበር። ሥራውን ያውቃል ወይ? እግዚአብሔርን ይፈራል ወይ? ቃሉ ይታመናል ወይ? ጉቦ ይጠላል ወይ? አለመብላትና መጥላት አንድ አይደሉም ብለህ በዚያች በአራተኛዋ ብቻ አንድ ሙሉ እሁድ አስተማርክ። አንዱ ተነስቶ የሚመረጠው ሰው የኛን እምነት የሚከተል መሆን የለበትም ወይ ሲልህ፣ ዮቶር ራሱ የምድያም ካህን አልነበረም ወይ ብለህ መለስክለት። ሰውዬው ተቀመጠ፤ እኔም ከኋላ ሆኜ ባሌ ነው ብዬ ኮራሁ።

ከዚያ የዛፎቹን ታስከትላለህ፤ መሳፍንት ዘጠኝን። ዛፎቹ የሚያነግሡት ፈልገው ወይራን ለመኑት፤ ዘይቴን ትቼ አልሄድም አለ። በለስም ፍሬዬን ትቼ አለች። ወይኑም እምቢ አለ። በመጨረሻ እሾኹ እሺ አለና ነገሠባቸው። ተማሪው ሁሉ እሾኹን ሲረግም አንተ ትቆጣ ነበር። እሾህ እሾህነቱን ነው ያደረገው፣ የሚጠየቀው ወይራው ነው ትል ነበር። ይህን ስትል ድምፅህ ይጎላል፤ ጤና ጣቢያ ለእናቶች በለሆሳስ የምታወራው ሰውዬ አትመስልም።

እንግዲህ የዛሬ ዘጠኝ ዓመቱን የምርጫ ነገር ላንሳው። የእድራችን ሊቀ መንበር ኦቦ ገመቹ፣ እህል ነጋዴው፣ ሁለት ሰዎች አስከትሎ ቤታችን መጣ። የማርያም ማኅበርተኛ ነው፣ የኛን የጸሎት ቤት ደጃፍ ረግጦ አያውቅም፤ ግን አራቱ ጥያቄዎችህ ከሰው ሰው ዞረው እሱም ዘንድ ደርሰዋል። በጣቱ እየቆጠረ አንድ በአንድ ባንተ ላይ አስቀመጣቸው። ሕፃናታችንን ሁሉ የከተብከው አንተ ነህ፣ ከማንም ዶሮ እንኳ ተቀብለህ አታውቅም፣ ለምክር ቤት በግልህ ዕጩ ሁንልን፣ የድጋፍ ፊርማውን እኛ እናሰባስባለን አለህ።

አንተም እንጸልይበት አልክ። እኛ ዘንድ የታጨ ሰው ቶሎ እሺ ካለ ሥልጣን ወዳድ ይባላል፣ ቶሎ እምቢ ካለ ደግሞ ጌታን አልሰማም ይባላል፤ ስለዚህ ሁሉም እንጸልይበት ይላል። እነሱ ከሄዱ በኋላ ግን ለእኔ ብቻ የነገርከኝ ነገር ነበር። እንደ ጌዴዎን ምልክት ልትጠይቅ አስበሃል። ሳትጠራቸው፣ ሳታስታውሳቸው፣ ፊርማውን ይዘው እስከ ረቡዕ ከመጡ የጌታ ፈቃድ ነው፤ ካልመጡ በሩን ዘግቶታል። ምዝገባው የሚያበቃው ዓርብ ነበር።

ማክሰኞ ለክትባት ዘመቻ ወደ ጊንጪ ሄድክ። ረቡዕ ጠዋት ኦቦ ገመቹ ፊርማውን ይዞ መጣ።

ያንን ወረቀት ሳየው ምን እንደታየኝ ታውቃለህ። ወንድሜ ነው የታየኝ። እሱንም በደርግ ጊዜ ለገበሬ ማኅበር ሊቀ መንበርነት የለመኑት ጎረቤቶቹ ነበሩ፤ ደህና ሰው ነህ ብለው። መንግሥት ሲለወጥ ወሰዱት። ከለመኑት አንዱ እንኳ ስንቅ ይዞለት አልሄደም። እናቴ ብቻዋን ስታመላልስ ከርማ አንድ ቀን የምሳ ዕቃውን እንዳለ መለሱላት፤ በዚያው መሞቱን ተረዳች። አንተን ላለመቅበር ስል ኦቦ ገመቹን ዋሸሁት። ባለቤቴ አይሆንልኝም ብሏል፣ ፊታችሁን ለማየት አፍሮ ነው በእኔ የላከው አልኩት። ቅር አለው። ወረቀቱን ግን ይዞ አልተመለሰም፤ ሰው የፈረመው ለሱ ነው፣ እሱው ይያዘው ብሎ ጠረጴዛው ላይ ጥሎት ወጣ። ጓዳ ባለው ቁም ሳጥን ግርጌ ካነጠፍኩት ጋዜጣ በታች ከተትኩት።

ከሰዓት በኋላ አቧራ ለብሰህ ከጊንጪ መጣህ። ማን መጣ አልከኝ። ማንም አልመጣም አልኩህ። ጃኬትህን ልትሰቅል ወደ ጓዳ ገባህና ቆየህ። የደከመህ መሰለኝ። ስትወጣ ራትህን በላህ፤ ሐሙስም ዓርብም ሥራህን ውለህ ገባህ። እሁድ ቆመህ ጌታ በሩን ዘግቶታል፣ ስሙ ይባረክ አልክ። ሰው አሜን አለ። ሌሊሳ አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር፤ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ አፍ አፍህን እያየ እሱም አሜን አለ።

ከዚያ በኋላ ከኦቦ ገመቹ ጋር ትገናኛላችሁ ብዬ ስንት ወር ተሳቀቅሁ። አንተ ግን በእህል ገበያው በኩል መሄድ ተውክ፤ በሁሉቃ ድልድይ ዞረህ ትመጣ ጀመር። የእድር ስብሰባ ቀን ሁልጊዜ ሥራ ይበዛብህ ነበር። ለበዓል ጫልቱ የቁም ሳጥኑን ጋዜጣ ስትቀይር ወረቀቱ አልነበረም፤ ከቆሻሻ ጋር ተጥሏል ብዬ ተገላገልኩ። ጌታ ሸፈነልኝ ብዬም አመሰገንኩ። በዚህም ነገር አመሰገንኩት፣ አየህ።

ወንበሩን ስላገኘው ሰው ብዙ አልልም። አንድ ቀን አራቱን ጥያቄዎች ላንሳበት ብዬ ጀምሬ ሁለተኛው ላይ ተውኩት። አንተ ብትገባ አገር ይድን ነበር ብዬም አልሞኝም፤ አንድ ጤና ረዳት ብቻውን ምን ያህል ይገፋል። ግን ከከተማው ዳር የገበሬው ማሳ ሊወሰድ ሲለካ፣ ልጆች ሲታሰሩ፣ ተነስቶ ይህ ለምን ሆነ ብሎ የሚጠይቅ አንድ ሰው እንኳ አልነበረንም። ከዚያ በቀጠለው ምርጫ ደግሞ የማንንም በር ያንኳኳ አልነበረም። ኦቦ ገመቹም መንገድ ላይ ሲያገኘኝ ጤና ጤናዬን ጠይቆ ያልፋል እንጂ እንደ ድሮው አይቆምም።

በዚህ ዓመት ከፋሲካ በኋላ ከተማችን ያየችውን ልጽፍልህ አልችልም። ልጅ ያጡ እናቶች ቤት ገብቼ ወጥቻለሁ፤ ምን እንዳልኳቸው አላስታውስም። ሌሊሳ አብሮት የተማረ፣ በጥይት የተመታ ጓደኛውን ቀበረ። አሁን ጊንጪ ነው የሚያስተምረው፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል። ከቀብሩ ወዲህ ጸሎት ቤት አልገባም። አብረን እንሂድ ብዬ ስለምነው ካንተ የሰማውን መልሶ ሰጠኝ።

«እማ፣ አባዬን የመሰለ ሰው ላይ በሩን የዘጋው ጌታ ከሆነ፣ እኔ ከሱ ጋር ምንም ጉዳይ የለኝም።»

አልጮኸም። ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። ተነስቶ የበላበትን ሳህን አጠበና ወጣ። ያን ቀን ነው ነገሩ የገባኝ። አንተን ላተርፍ ብዬ የዋሸሁት ውሸት ዘጠኝ ዓመት ቆይቶ የልጄን እምነት በላው። በሩን የዘጋሁት እኔ ነኝ ብዬ ልነግረው ወሰንኩ። ይጥላኝ፤ እኔን ጠልቶ ወደ ጌታው ይመለስ አልኩ። እንዴት ብዬ እንደምጀምርለት ጨነቀኝና ምክር ባገኝ ብዬ መጽሐፍ ቅዱስህን አወረድኩት። አንተ ከሄድክ ወዲህ አልገለጥኩትም ነበር። መሳፍንት ዘጠኝ ላይ ሲከፈት የኦቦ ገመቹ ወረቀት እዚያ ታጥፎ ተቀምጧል።

የሰው ፊርማ፣ የጣት አሻራ፣ አንዳንዱ የሞተ፣ አንዳንዱ ከአገር የወጣ። ከግርጌው በእርሳስ ያንተ ጽሕፈት አለ፤ «ረቡዕ አገኘሁት። እስከ ዓርብ ጊዜ አለ።» የዕጩው ስም በሚለው ቦታ ላይ ደግሞ በእስክሪብቶ አንድ ፊደል ጽፈሃል። «ቶ» ብለህ ጀምረህ ትተኸዋል።

ያን ረቡዕ ጓዳ የቆየህበት ምክንያት አሁን ነው የገባኝ። በሁሉቃ ድልድይ የዞርክበትም። በመጨረሻ ሰሞንህ አልጋ ላይ እጄን ይዘህ አንቺ ምንም አላጠፋሽም ስትለኝ፣ ሕመሙ የሚያስለፈልፍህ መስሎኝ ትራስህን አስተካከልኩልህ። ለካ ይቅርታ እየጠየቅከኝ ነበር።

ተናደድኩብህ፤ አልደብቅህም። እኔ ፈሪ ሴት ነኝ፣ ወንድሜን የበላብኝን ነገር ስለማውቅ ፈራሁ። አንተ ግን ጥፋቱ የወይራው ነው ብለህ ያስተማርክ ሰው ነህ። ሁለት ቀን ነበረህ። ፊርማው በእጅህ፣ ምልክቱ በእጅህ። ያንን ይዘህ ዝም ካልክ በኋላ ቆመህ ነገሩን በእግዚአብሔር አሳበብክ፣ ልጃችንም አመነህ። እኔ የዋሸሁት ለኦቦ ገመቹና ላንተ ነው። አንተ የዋሸኸው በማን ስም እንደሆነ አስበኸዋል? ያን ሰሞን እንቅልፍ አጥተህ እንደነበር ግን አስታውሳለሁ። ስለዚህ አስበኸዋል።

ከዚያ ሁሉ ንዴት በኋላ ናፈቅከኝ። እስክሪብቶውን ይዘህ ጓዳ ውስጥ ብቻህን የቆምክበት ታየኝና አለቀስኩ። ጎንህ ቆሜ ግባበት ብልህ ስምህን ትጨርሰው ነበር ይሆን? አላውቅም። ሁለታችንም አንዳችን ሌላውን የምናድን መስሎን ዝም ተባባልን፤ የዳነ ግን የለም። ነገሩንም ወደ ጸሎት አልወሰድኩትም፤ ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፍቶኛል።

ወረቀቱን አቃጥዬ ሁሉንም በራሴ ላይ ልውሰደው ብዬ ሦስት ቀን አሰብኩ። ሌሊሳ ያለው የሚኮራበት ነገር አንተ ብቻ ነህ። ያንተን ስም ባተርፍለት ምን አለበት? እኔን ለመጥላት ጊዜ አይፈጅበትም፤ አንተን ግን አሁን መቃብርህ ላይ ሄዶ ምን ብሎ ይጠይቅሃል? ግን ወረቀቱን አንዴ ደብቄው አይቻለሁ። ሽማግሌዎቹም ማስታወሻህን ይውሰዱት፣ አልከለክልም። ትምህርቱ ትክክል ነበር፤ የጎደልነው አስተማሪውና ሚስቱ ነን።

ነገ ቅዳሜ ነው። ሌሊሳ በጠዋቱ መኪና ይመጣል። ምሳውን አበላውና ወረቀቱን ፊቱ አኖረዋለሁ። እናቱንም አባቱንም በአንድ ቀን ያጣ ይሆናል። ጌታውን መልሶ ያግኝ አያግኝ እንኳ ተስፋ አድርጌ አልጽፍልህም፤ ተስፋ የማደርግበት ጉልበት የለኝም። እውነቱን ብቻ ያውቃል።

አንተን አልረሳህም። ሰሌዳው ፊት ቆመህ እንዳስተማርከው ብቻ ሳይሆን፣ ጓዳ ውስጥ አንድ ፊደል ጽፈህ እንደቆምከውም ሆነህ ነው የማስታውስህ፤ ሁለቱም ባሌ ነው። እንደ እናቴ ወግ ባለቤቴን በስሙ ጠርቼ አላውቅም፤ ሠላሳ አንድ ዓመት የጫልቱ አባት እንዳልኩህ ቀበርኩህ። ነገ ግን ልጅህ ጣቱን በዚያች ፊደል ላይ አድርጎ ይህ የማን ስም ነው ብሎ ይጠይቀኛል። አንተ ያልጨረስከውን እኔ በአፌ እጨርሰዋለሁ።

ቶሌራ።