የግራ ትከሻሽ

ማክሰኞ፣ መጋቢት 3 ቀን፣ ከምሳ በኋላ

ልጄ፣

ደብዳቤሽ ከአባትሽ የዓይን ጠብታ ጋር ባለፈው ዓርብ ደረሰን። ጠርሙሱ ደህና ነው፤ በካልሲ ጠቅልለሽ መላክሽ ጥሩ ዘዴ ነበር። አባትሽ ግን ካልሲውም ለእሱ የተላከ መስሎት አንድ እግሩ ላይ አጥልቆ የሌላውን እግር ሲፈልግ አረፈደ። አንድ ብቻ ነው ስለው "ደብቀሽው ነው" አለኝ። እንግዲህ እንዲህ ነን። እኔን ጉልበቴ ያመኛል፣ እሱን ደግሞ የእኔ "ጉልበቴ፣ ጉልበቴ" ማለት ያመዋል።

እዚያ ሰው አገር ከሆቴሉ ልብስ ማጠቢያ ወደ እንግዳ መቀበያው ልትዛወሪ እንደሆነና ለፈተናው ቀን ምን መልበስ እንዳለብሽ ጠይቀሽኛል። "እማ፣ የአለባበስ ሕጎችሽን አንድም ሳታስቀሪ ጻፊልኝ" ብለሻል። እጽፍልሻለሁ። ይህን ደብዳቤ ግን ለአባትሽ አላነብለትም። ለእሱ ጆሮ የሚሆን ሌላ አጭር ደብዳቤ ጽፌ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጫለሁ። ይኼኛው የሁለታችን ብቻ ነው።

የመጀመሪያው ሕግ ስለ ትከሻ ነው። ወገብ ቢሰፋ ይጠብባል፣ ቁመት ቢረዝም ይታጠፋል፤ ትከሻው ያልሆነ ልብስ ግን ፈትተሽ እንደገና ካልሰፋሽው በቀር መላ የለውም። ጡረታ የወጣችውን ነርስ ታስታውሻታለሽ? በመጣች ቁጥር "ወገቤን አሳምሪልኝ" ትለኛለች። "ወገብሽን ተይውና ትከሻሽን አምጪ፣ ወገብሽ ተከትሎ ይመጣል" እላታለሁ። ሃያ ዓመት ሙሉ አላመነችኝም፤ ሃያ ዓመት ሙሉ ግን አምሮባት ትወጣለች።

የልጄ ግራ ትከሻ ከቀኙ በአንድ ጣት ተኩል ዝቅ ይላል። በአራት ዓመቷ ከስፌት ጠረጴዛዬ ላይ ወድቃ አጥንቷ ተሰብሮ ሲገጥም ዘንበል ብሎ ገጠመ። አባቷ "ዘንበሌ" የሚላት ለዚያ ነው። እኔ ደግሞ የራሴ ጥፋት ሆኖ ስለታየኝ፣ ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፋሁላትን ልብስ ሁሉ ግራ ትከሻው ውስጥ፣ ከገበሩ ሥር፣ ትንሽ ስፖንጅ እከትበታለሁ። ስትለብሰው ሁለቱ ትከሻዎቿ ይስተካከላሉ፤ ማንም አያውቅባትም። "አንቺ" ማለት ሲገባኝ "እሷ" ብዬ ጻፍኩ አይደል? አይቼዋለሁ። አልሰርዘውም።

ሁለተኛው ሕግ፣ የጨርቅ ቀለም በአምፖል አይመረጥም። ጨርቁን ይዘሽ ደጅ ውጪ፣ አገጭሽ ሥር አድርጊውና ሰው ፊትሽን ይይልሽ። "ጨርቁ እንዴት ያምራል" ካለሽ አትግዢው። "ዛሬ ምን ሆነሽ ነው እንዲህ ያማረብሽ" ካለሽ ግን ያንን ያዢ። ይኼኛውን ልጄ በሰባት ዓመቷ ለደንበኞቼ ትነግርልኝ ነበር። በርጩማ ላይ ቆማ፣ ሜትሩን አንገቷ ላይ አንጠልጥላ፣ በእኔ ድምፅ "ደጅ እንውጣ እመቤቴ!" ስትል ሰው ሁሉ ሳቁን መቆጣጠር ያቅተው ነበር። ሕጎቼን በሙሉ እንደ ስሟ ታውቃቸዋለች። ከዘለልኩ ታርመኛለች። እና ዓርብ ዕለት "ሕጎችሽን ጻፊልኝ" የሚለውን ሳነብ ደብዳቤውን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ሦስተኛው ሕግ፣ ጀርባሽን ሳታዪ ከቤት አትውጪ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ጀርባም እንደዚያው ነው። ፊታችንን እኛ እናየዋለን፣ ጀርባችንን የሚያየው ሌላ ሰው ነው። አንቺም ከስምንት ወር ወዲህ የምትልኪልኝ ጀርባሽን ነው። ስልክሽ ማጠቢያው ውኃ ውስጥ ወደቀ፣ ቀኝ እጅሽን ካውያ አቃጥሎት በግራ እጅሽ መጻፍ ጀመርሽ፣ ከዚያ ወዲህ ሦስት ፎቶግራፍ መጣ። በመጀመሪያው እኔ የሰፋሁትን ግራጫ ኮት ለብሰሽ ወደ መስኮቱ ዞረሻል። በሁለተኛው አረንጓዴ ቀሚስ ነው፣ ሰፊ ባርኔጣ ፊትሽን ሸፍኖታል። በሦስተኛው እንደገና ኮቱ፣ እንደገና ጀርባ። አባትሽ ሦስቱንም ዓይኑ ላይ ለጥፎ አየና "አቤት ስታምር!" አለ። የሚያየው ጥላ ነው፤ ግን እንዲያ አለ።

እኔ ግን ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰው ፊት ያነባል፣ እኔ ስፌት አነባለሁ። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ የኮቱ ግራ ትከሻ ወደ ላይ ጉብ ብሏል። ፎቶ አንሺው ካሜራውን አዛብቶት ነው ብዬ ራሴን አታለልኩ። በሦስተኛው ላይ ግን ትከሻው ቀጥ ብሏል። የአባትሽን ማጉያ መነጽር አምጥቼ አየሁት። እጅጌው ከትከሻው በሚገናኝበት ቦታ ስፌቱ ተተርትሮ በሌላ ክር ተሰፍቷል፤ ክሩ ከኔው ይጠቁራል። ስፖንጁ ወጥቷል። ልጄ ያንን ስፖንጅ ብታወጣው ኮቱ በግራ በኩል ይወድቅባታል። ያለ ስፖንጅ ቀጥ ብሎ የሚቀመጠው፣ ከሥሩ ያለው ትከሻ ሲጀመርም ቀጥ ያለ ከሆነ ብቻ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ዘንበል ብሎ የኖረ አጥንት አገር ስለለወጠ አይቃናም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔ ማየት የማይፈልገውን ሁሉ ማየት ጀመረ። ድሮ ልጄ ከሠራተኞቹ ማደሪያ ክፍል በላከችልን ፎቶ ላይ መስኮቱ ሥር ያለው አልጋ የሷ ነው፤ ሁልጊዜ ጨርቅ ተከምሮበታል። በሦስተኛው ፎቶሽ ላይ የዚያ አልጋ ፍራሽ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል።

ይህን ካወቅኩ ሦስት ወር ሆነኝ። አልነገርኩሽም። ለምን እንደሆነ ልንገርሽ፤ ደብዳቤ እስከመጣ ድረስ ልጄ አለች። ፖስተኛው በሩን ባንኳኳ ቁጥር አለች። እያወቅኩ ፖስታውን ከፍቼ "ልጅሽ" የሚለውን ፊርማ ስምኩት። ሞኝ ነሽ በይኝ።

ባለፈው ወር ለፈተናው የሚሆን ልብስ እንድሰፋልሽ ልክሽን ላክሽልኝ። የልብስ አሻንጉሊቷን ታውቂያታለሽ፤ ልጄ ሳትነግርሽ አትቀርም። አሥራ አንድ ዓመት በልጄ ልክ ሞልቼ ያቆምኳት፣ ራስ የሌላት፣ ግራ ትከሻዋ ዘንበል ያለ። የሰፋሁትን ቀሚስ ባለብሳት እንቢ አለኝ፤ በአንድ በኩል ይንጠለጠላል። ምርጫ አልነበረኝም፣ ግራ ትከሻዋን ፈትቼ ጥጥ ጨመርኩበት፣ ከቀኙ ጋር አስተካከልኩት። በገዛ እጄ ልጄን ከዚያች አሻንጉሊት ውስጥ አስወጣኋት። ክሩን ቋጥሬ ቀሚሱን አለበስኳት።

በማግስቱ ጠዋት አዝራር ልገዛ ወጥቼ ስመለስ፣ በመስኮቱ በኩል አንዲት ሴት ጀርባዋን ሰጥታኝ ቤቴ ውስጥ ቆማለች። ልክ እንደ ፎቶው። ፀሐይ መስታወቱ ላይ ስላረፈ ራስ የሌላት መሆኑ አይታይም። "ዘንበሌ!" ብዬ ጮህኩ። መጋረጃው ሲነቃነቅ ቀሚሱም ትንሽ ተነቃነቀ። እኔን ያስፈራኝ ትዞራለች ብዬ አይደለም። ብትዞር የማን ፊት እንደሚሆን ነው የፈራሁት። ደጅ ላይ አዝራሬን ጨብጬ ስንት ሰዓት እንደቆምኩ አላውቅም፤ ጎረቤቴ "ቁልፍ ጠፋብሽ ወይ?" ብላ እስክትጠይቀኝ ድረስ።

ስገባ አባትሽ ከጓዳ ወጥቶ አሻንጉሊቷ አጠገብ ቆሟል። ሁለት እጁን ትከሻዋ ላይ አድርጓል። ቀኙን ዳሰሰ፣ ግራውን ዳሰሰ፣ ተመልሶ ቀኙን ዳሰሰ።

"ይቺ ማናት?" አለኝ።

"ለልጅህ የሰፋሁት ቀሚስ ነው።"

"ቀሚሱን አልጠየቅኩሽም።"

"ሂድ፣ ጠብታህን አድርግ" አልኩት።

"እሺ" አለ። "አምሮባታል በያት።" ከዚያች ቀን ወዲህ ፎቶዎቹን አምጪልኝ ብሎኝ አያውቅም። ያወቀውን እንዳልነግረው ፈርቶ ነው መሰለኝ፣ እኔም ያወቅኩትን እንዳይነግረኝ ፈርቼ እንዳለሁት። ሁለት ሽማግሌዎች አንዳችን ሌላውን እየጠበቅን እንኖራለን።

አንቺ የአልጋ ጎረቤቷ ነሽ። እንደዚያ ነበር የምትጠራሽ። "ፊት ለፊቴ የምትተኛው ልጅ እናት የላትም፤ ያንቺን ደብዳቤ ሳነብላት ደግመሽ አንብቢልኝ ትላለች" ብላ ጽፋልኝ ነበር። ስለዚህ አነጋገሬን፣ የጉልበቴን ነገር፣ የአባቷን ዓይን ታውቂያለሽ። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል። ግን አልተቆጣሁሽም። መጀመሪያ ተቆጥቼ ነበር፤ ኮቱን ከላይሽ መግፈፍ አምሮኝ ነበር። ቆይቼ ሳስበው ሌባ በየወሩ የዓይን ጠብታ አይልክም፤ ጠርሙሱ እንዳይሰበርም በካልሲ አይጠቀልልም። ምናልባት አንድ ደብዳቤ ልትጽፊ ተቀመጥሽ፣ እውነቱን መጻፍ አቃተሽ፣ ከዚያ ሁለተኛው መጣ። ደግሞም "እማ" ብለሽ መጻፍ ሳይጣፍጥሽ አልቀረም። ይገባኛል።

እንግዲህ ለጠየቅሽኝ መልስ ልስጥሽ። ለልጄ የሰጠኋት ሕግ ላንቺ አይሆንም። ያንቺ ትከሻ ሰፊና ቀጥ ያለ ነው፤ ምንም አትጨምሪበት። ኮሌታው ከፈት ያለ ይሁን፣ አንገትሽ ይታይ። ጥቁር ሰማያዊ ያዋጣሻል፤ አረንጓዴው ግን ያከስምሻል፣ በባርኔጣ ሥር እንኳ ያስታውቃል። ጉርድሽ ከጉልበትሽ በታች አንድ ጋት ይውረድ። ልብሱን ለብሰሽ ቁጭ ብለሽ እዪው፤ ቆመሽ የሚያምር፣ ስትቀመጪ የሚያስጨንቅ ልብስ ለፈተና አይሆንም። አዲስ ጫማ የዚያን ቀን አትጀምሪ፤ እግሩን ጫማ የላጠው ሰው ፈገግታው ያስታውቃል። እና የሷን ኮት አትልበሺ። ስስት ይዞኝ አይደለም፤ ላንቺ ስላልተሰፋ ነው። በሰው ልክ የተሰፋ ልብስ የቱንም ያህል ቢተረተር የባለቤቱን ገላ ያስታውሳል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር ያለው ሰማያዊ ቀሚስ ያንቺ ነው። ባንቺ ልክ፣ ላንቺ ብዬ ነው የሰፋሁት። ስትለብሺው ወገቡ ላይ ትንሽ ከጠበበሽ ሁለት ጣት ያህል ትርፍ ጨርቅ ውስጡ ትቼልሻለሁ። ለብሰሽው ገብተሽ ሥራውን ያዢው።

አንቺ ደግሞ አንድ ነገር አድርጊልኝ። በግራ እጅሽ አትጻፊልኝ። በራስሽ ጽሑፍ፣ በራስሽ ስም ጻፊልኝ። ልጄ ካለች፣ የትም ብትሆን፣ እንዴትም ብትሆን አለች በይኝ። ከሌለች የለችም በይኝ። እኔ እችለዋለሁ፤ የማልችለው ጀርባዋን እያየሁ መኖር ነው። ለአባቷ እኔ እነግረዋለሁ፣ ወይም እሱ ይነግረኛል።

እና ከሌለች፣ የመጨረሻው ቀን ምን እንዳለበሳችኋት ንገሪኝ። ቀለሙን፣ ጨርቁን፣ አዝራሮቹ ሁሉ ተቆልፈው እንደሆነ። ማን እንዳለበሳት። የሆስፒታል ሰው ከሆነ እሱንም ጻፊልኝ፣ አትደብቂኝ። አንቺ ከሆንሽ ያለበስሻት፣ እጅሽ ይባረክ፤ ባዶ አይቅር፤ የምታለብሺው ልጅ ይስጥሽ።

እናቷ