ስለ ዳኛው ቤትና ስለ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል

ጎንደር፣ መስከረም ፲፱ ቀን ፲፱፻፶፪ ዓ.ም.

ለክቡር የመንገድ ሥራ ሹም፤

ጤናዎ እንዲበዛ፣ ወንበርዎ እንዲደላዎ፣ የጽሕፈት ቤትዎ ጣሪያም ዝናብ እንዳያስገባ እየተመኘሁ፣ በገበያው ዳር ማመልከቻ እየጻፍሁ የምኖረው ሰጠኝ ወልደ ዮሐንስ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

፩ኛ/ ባለፈው ሚያዝያ ዳኛው የሚባል የድብ ባሕር ገበሬና ባለቤቱ ወለተሩፋኤል፣ የመንገዱ ቦይ ቀጥ ብሎ ቤታቸው ላይ ስለሚያፈስ ክረምት ሲገባ ጎርፍ እንደሚወስዳቸው በእኔ እጅ አጽፈው አመለከቱ። ክቡርነትዎም የውጭ አገር መሐንዲስ ልከው ስላስመረመሩልን እናመሰግናለን። መሐንዲሱ ቦታውን ለክቶ ሦስት መስመር በእንግሊዝኛ ጻፈ። ዳኛው «ሸጋ ሰው ነው፤ እስከ ታች ወርዶ አየልን» እያለ ደስ ብሎት ሰነበተ።

፪ኛ/ በጽሑፉ ውስጥ «ሃይፐርቦሊክ» የምትል ቃል ነበረች። አስተርጓሚዎ መዝገበ ቃላት ገልጦ መጀመሪያ ያገኘው «የተጋነነ» የሚለውን ስለሆነ፣ ቀጣዩን መስመር በማንበብ ዓይኑን ሳያደክም መጽሐፉን ከደነ። እርስዎም «ነገሩ የተጋነነ ስለሆነ ማመልከቻው ውድቅ ነው» ብለው ፈረሙ። ውሳኔውን ሳነብላት ወለተሩፋኤል «ውሸታሞች ናችሁ ነው የሚለን?» አለችኝ። እኔም እንግሊዝኛ ስለማላውቅ፣ ማኅተምዎንም ስላመንሁ፣ «እንደዚያ ነው» አልኋት። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ከክቡርነትዎ ጋር ልካፈለው አልደፍርም።

፫ኛ/ ሐምሌ ፲፪ ቀን ረፋድ ላይ ጎርፉ ምንም ሳያጋንን መጣ። ዳኛው በሬውን ሊፈታ ጋጣ ገባ፤ ግድግዳው ተናደበት። ጎረቤቶቹ ቀኑን ሙሉ ቆፍረው ሬሳውን አወጡ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ከውሳኔው ጋር የተመለሰላትን የመሐንዲሱን ወረቀት እንግሊዝኛና ሒሳብ ለሚያስተምሩት ለመምህር ዐብዱረሕማን ወሰድሁላት። ሁለት ጊዜ አነበቡና በጠመኔ አንድ ጥምዝ መስመር ሣሉልን። «ቃሏ ስለ ንግግር ስትነገር ማጋነን ነች፤ በጂኦሜትሪ ግን እንዲህ እየተከፈተ የሚርቅ መስመር ነው። ሰውየው ቦዩ በዚህ ዓይነት ተጠምዞ ከቤቱ ይራቅ ነው ያለው። ቦይ ደግሞ አያጋንንም» አሉ። ወለተሩፋኤል መስመሩን ብዙ ጊዜ አየችው።

ይህንኑ ይዘን ክቡርነትዎ ዘንድ ስንቀርብ «መዝገቡ ተዘግቷል» ብለው አሰናበቱን። ያም ሆኖ ሐዘንተኛዋ ቆማ እንዳትቀር ወንበር ስላስመጡላት ምስጋናዬ የላቀ ነው። ከዚያ ወዲህ የተደረገ ነገር የለም፤ ይደረጋል ብዬም አልጠብቅም።

ከሁለት ትርጉም አንዱን መርጠው ሥራን ለማቅለል ለተሰጠዎ ጥበብ እጅ እየነሣሁ፣ ዕድሜና ሹመት እንዲጨመርልዎ የምለምን ዝቅተኛው አገልጋይዎ፣

ሰጠኝ ወልደ ዮሐንስ

ማስታወሻ፦ ከቦዩ በታች ገና አራት ቤቶች አሉ። ለእነሱም ማመልከቻ ልጽፍ ባለፈው ሳምንት ስወርድ፣ የዳኛው ጎረቤት ይመኙሽ ከቦዩ አርቃ ልትተክለው የገዛ ቤቷን ስታፈርስ አገኘኋት። «አያ ሰጠኝ፣ ወረቀቱን ተወውና ይህን ምሰሶ ያዝልኝ» አለችኝ። ያዝሁላት።