አርባ አንድ ሰው «ስፓም» ብሏል

ጥቅምት 5
ጋሽ ወልደጻድቅ ዛሬም የጠዋት ምርቃታቸውን በኢሜይል ለስድስት መቶው የሙያ ማኅበራችን አባላት ላኩ። ከአበባ ሥዕል ጋር። ሊቀመንበር ናቸው፤ ማን ደፍሮ «ይቅርብኝ» ይላል? የኢሜይል ሰርቨሩን የምይዘው እኔ ስለሆንኩ ወቀሳው ለእኔ። አባሉ ሕዝቅያስ ባጃጅ ውስጥ አገኘኝና «ኧረ ንገራቸው!» አለኝ። እሱስ አፍ የለውም?

ጥቅምት 19
ከማኅበሩ የሚወጣው ሁሉ የአባላቱ ስፓም ሳጥን፣ የቆሻሻ መልእክት ማጠራቀሚያው ውስጥ እየወደቀ ነው። የስብሰባ ጥሪውም ጭምር። ለምን?

ጥቅምት 20
ገባኝ። ከኢሜይል ዝርዝሩ መውጣት ቀላል ነው፤ ግን የወጣ ሰው ስም ለሊቀመንበሩ ይደርሳል። ስለዚህ በይሉኝታ ዝም ብለው ምርቃቱን «ስፓም» ይሉታል። ማንም የማያውቅባቸው መስሏቸው... ኢሜይል አቅራቢው ድርጅት ይቆጥራል፤ ለእኔም ከነስማቸው ያሳውቀኛል። አርባ አንድ ሰው! ሁሉም ከአንድ አድራሻ ስለሚወጣ፣ ምርቃቱን ብቻ የዘጉ መስሏቸው ማኅበሩን ዘጉት።
ምርቃቱን ላግደው? የሽማግሌ ምርቃት ከልካይ ልባል? ነገ እነግራቸዋለሁ።

ኅዳር 2
አልነገርኳቸውም።

ኅዳር 11
አባላችን ሩዋይዳ ቢሮ ድረስ መጣች። አዲስ ከተማ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምትሠራው። ለውጭ ሥልጠና ሦስት ዓመት ተራ ጠብቃለች። ተራዋ ደርሶ ነበር... ምዝገባው ትናንት ተዘጋ።
«የምዝገባ ጥሪውን አልላክህልኝም!» አለች።
ሄደሩን አወጣሁላት፤ መልእክቱ የት የት እንዳለፈ የሚያሳየውን ጽሑፍ። ጥቅምት 27 ከእኛ ወጥቷል። ደርሷታል። ስፓም ሳጥኗ ውስጥ ተኝቷል።
«ታዲያ እዚያ ማን ከተተው?» እንባዋ መጣ።
ከአርባ አንዱ አንዷ እሷ ናት። እንዴት ይነገራል? እኔስ ያኔውኑ ተናግሬ ቢሆን? ፈሪ ነኝ። በራሴ አፈርኩ።

ኅዳር 14
ዛሬ ነገርኳቸው። ጋሽ ወልደጻድቅ መነጽራቸውን አወለቁ።
«ምርቃቴን ቆሻሻ ያለው ማነው? ስሙን ስጠኝ።»
የአርባ አንዱ ስም ዝርዝር ኪሴ ውስጥ ነበር። ለቀጣዩ ሥልጠና ተራ የሚሰጡት እሳቸው ናቸው።
«እኔ ነኝ፣ ጋሼ» አልኳቸው።

ኅዳር 16
በማኅበሩ ቴሌግራም ላይ ወጣ። «በአባላት ላይ ባደረሰው በደል» ከኃላፊነቴ ተነስቻለሁ። ቀድሞ የገባው መልስ የሩዋይዳ ነው።
«እሰይ! ሦስት ዓመቴን የበላ ሰው ነው።»
ዝርዝሩን ፎቶ አንስቼ ልለጥፈው ነበር... ስሟን ሳይ እጄ እምቢ አለ። ቀደድኩት።