በጉልላታችን አፍ ላይ ስለተገጠመው መስታወት

ለተከበሩ የሰማይ መመልከቻ ጣቢያችን የጠቅላላ አገልግሎት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የጸና፣ ቢሮዎም እንደ ወትሮው የሞቀ እንዲሆን እመኛለሁ። እኔም በእርስዎ ደግነት ሥራ ፈትቼ ደኅና ነኝ። በአደባባይ መጻፌ፣ በጸሐፊዎ በኩል ያስገባኋቸው ማመልከቻዎች፣ ውዳሴ ስለማይወዱ ይሆናል፣ ሳይነበቡ ስለቀሩ ነው።

እንደሚያውቁት፣ ወይም ቢጠይቁ ኖሮ ያውቁት እንደነበረው፣ ሥራዬ የግዙፏን ፕላኔት የዩራነስን የላይኛውን አየር ሙቀት መለካት ነው። ያ አየር ታሕተ ቀይ የሚባል፣ ዓይን የማያየው ብርሃን ይሰጣል፤ እኛም ብርሃኑን በመሣሪያ በትነን፣ ግንባር ዳስሶ ትኩሳት እንደሚያውቅ ሐኪም፣ ሙቀቱን እናነባለን። አየሩ ከጎልማሳነቴ ጀምሮ እየቀዘቀዘ መጥቷል። ፕላኔቷ ፀሐይን አንዴ ለመዞር የሰው ዕድሜ ያህል ስለሚፈጅባት፣ ዘንድሮ ያመለጠኝን ዳግም አገኘዋለሁ የሚል ተስፋ የለኝም።

ስለዚህ ውለታዎችዎን ልዘርዝር።

፩. አቧራ እንዳይገባብን አስበው በጉልላቱ መክፈቻ ላይ የመስኮት መስታወት አስገጠሙልን። መስታወቱ ለዓይንዎ የጠራ ነው፤ እኛ ለምንፈልገው ብርሃን ግን ግድግዳ ነው። ይህን ባስረዳሁዎ ጊዜ በእንግዶች ፊት «አባባ፣ እኔ ጨረቃዋን ቁልጭ አድርጌ እያየኋት ነው! መነጽርዎን ቢያስለውጡስ?» ብለው ለዓይኔ መጨነቅዎን አልረሳም። «ላም አለኝ በሰማይ» እያልሁ በሌሎች ስስቅ የኖርሁ ሰው፣ ይኸው በእርስዎ ዘመን ላሚቱም ወተቷም ተጋረዱብኝ።

፪. መሣሪያችን በአጠገቡ ያለውን ሙቀት ሁሉ ስለሚያይ ክፍሉ ቀዝቃዛ መሆን አለበት ብዬ ባመለክት፣ አንጀትዎ አልችል ብሎ ከጎኑ ማሞቂያ ተከሉ። ዛሬ ስለ ዩራነስ የምናውቀው ጥቂት ቢሆንም፣ ስለ ማሞቂያዎ ዕውቀት ግን በዓለም ተወዳዳሪ የለንም።

፫. በእኔ የትምህርት ዘመን ሳያጠና የቀረበ ተማሪ በአለንጋ ይገረፍ ነበር እንጂ አይሾምም ነበር። ዘመኑ ምን ያህል እንደራራ ስላሳዩኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ፕላኔቷ በቅርቡ ከፀሐይ ጀርባ ትሰወራለች፤ እርሷ ደግሞ የኮሚቴ ስብሰባ አትጠብቅም። መስታወቱም ማሞቂያውም ከዚያ በፊት እንዲነሡልኝ እጅ ነሥቼ እጠይቃለሁ።

ጥላዎ እንዳይለየን፣ ቢቻል ግን ከጉልላቱ ላይ ጥቂት ፈቀቅ እንዲል የሚማጸነው፣
የጣቢያው አንጋፋ ተመልካች

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን ጽፌ ከጨረስሁ በኋላ ሰማዩ ጠራ፤ ትዕግሥቴም አለቀ። ማሞቂያውን አጥፍቼ፣ የመስታወቱን ብሎኖች በገዛ እጄ ፈትቼ ፕላኔቷን ለክቻታለሁ፤ ቅጣቴንም ቀጥ ብዬ ቆሜ እቀበላለሁ። መስታወቱን ግን አልሰበርሁትም። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ ልኬልዎታለሁና ከጠረጴዛዎ ፊት ያስተክሉት። ባለጉዳዮች በዚያ በኩል ያዩዎታል፤ ሙቀትዎ ግን አይደርሳቸውም። ልዩነቱን የሚያስተውል እንደማይኖር አረጋግጥልዎታለሁ።