ሊፍቱ ስላልተበላሸ የተቀነሰው ደመወዝ

ለተከበሩ የመኖሪያ ሕንጻዎች አስተዳደር ዋና ሥራ አስኪያጅ፤

ክቡርነትዎ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ የሁለተኛው ብሎክ ነዋሪዎች ውሃችን እየወጣ፣ መብራታችን እየበራ፣ ሊፍታችንም ሽቅብ ቁልቁል እያለ እጅግ ደኅና ነን። ይህን ስንጽፍ ደኅና መሆናችን መሥሪያ ቤትዎን ምን ያህል እንዳስቸገረ ዘንግተነው አይደለም። ለእርስዎ፣ ለቤተሰብዎ፣ እንዲሁም ሲቀመጡበት ሲጢጥ ለማይለው አዲሱ ወንበርዎ ረጅም ዕድሜና ፍጹም ጤንነት እንመኛለን።

ይህን ደብዳቤ በሕንጻው መግቢያ ላይ የለጠፍኩት እርስዎን በሰው ፊት ለማሳጣት አስቤ እንዳይመስልዎት። አስቀድሜ በፖስታ አሽጌ ሁለት ጊዜ ለቢሮዎ አስገብቼ ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ «ይታያል» ስለተባልኩ፣ በደንብ የሚታይበት ቦታ ላይ ላድርገው ብዬ ነው።

እኔ ስድስተኛ ፎቅ ላይ ከአባቴ ጋር የምኖር ልብስ ሰፊ ነኝ። አባቴ ዕድሜውን ሙሉ ከባድ መኪና ሲነዳ የኖረ ሰው ነው፤ እግሮቹ ከከዱት ወዲህ የቀረው መኪና ይኸው ሊፍታችን ሲሆን፣ ጠዋት ጠዋት ቁልፉን ራሱ ካልተጫነ ያኮርፋል። ግቢ ወርዶ አግዳሚው ወንበር ላይ ከእኩዮቹ ጋር ስለማያውቀው ነገር ሁሉ ሲሟገት ይውልና ለምሳ ፊቱ በርቶ ይመለሳል።

የአባቴ ቀን እንዲህ ሳይጓደል የሚውለው በአንድ ሰው ነው። ትክክለኛ ስሙን እርስዎ ከሠራተኞች መዝገብ ያገኙታል፤ እኛ ግን ጋሽ ፊውዝ ነው የምንለው። የሕንጻችን የጥገና ቴክኒሻን ነው። ቅጽል ስሙ የወጣለት ኤሌክትሪክ ስለሚችል ሳይሆን ቶሎ ስለሚቃጠል ነው። የዘይት ትራፊ ዕቃ ማጠቢያው ውስጥ የደፋ ሰው ካገኘ ደረጃው ላይ ቆሞ፣ ስምንቱም ፎቅ እየሰማ ልክ ልኩን ይነግረዋል። እኔ ራሴ አንድ ቀን የጨርቅ ቁርጥራጭ ወደ ፍሳሹ ለቅቄ የወረደብኝን የስድብ መዓት እናቴ እንኳ አውርዳብኝ አታውቅም። ትሑት ነው ብዬ አልዋሽዎትም፤ «ይህችን ሊፍት ከእኔ በቀር የሚያውቃት የለም» ይላል፣ አፉን ሞልቶ። የሚያናድደው ደግሞ እውነቱን መሆኑ ነው።

እንግዲህ ክቡርነትዎን ሳላሰለች ወደ ቅሬታዎቼ ልግባ።

አንደኛ፣ መሥሪያ ቤትዎ ጋሽ ፊውዝ የሊፍት፣ የኤሌክትሪክና የውሃ ፓምፕ ጥገና የሙያ ፈቃድ እንዲኖረው፣ በየጊዜውም እንዲያሳድሰው ያስገድደዋል። ፈተናውን የሚፈተነው በዕረፍት ቀኑ፣ ክፍያውን የሚከፍለው ከራሱ ኪስ ነው። በደመወዝ ሰሌዳዎ ላይ ግን የተቀመጠው «የጉልበትና ልዩ ልዩ ሥራዎች» በሚለው መደብ፣ ከዕቃ ተሸካሚዎቹ ጋር ነው። ዕቃ ተሸካሚዎቹም ቢሆኑ አንሷቸው እንጂ ተርፏቸው አያውቅም፤ የእነሱን ጉዳይ በሌላ ደብዳቤ እመጣበታለሁ። ለዛሬ ግን ሊፍት ውስጥ ሰው ተቀርቅሮ ሲጮኽ ባለፈቃድ ባለሙያ የሆነው ሰው፣ ወሩ ሲያልቅ ጉልበት ሠራተኛ ሆኖ ለደመወዝ የሚቀርብበትን ዘዴ ላገኘው አእምሮ ያለኝን አድናቆት ብቻ እገልጻለሁ።

ሁለተኛ፣ ይህ እንዳይበቃ መሥሪያ ቤትዎ ከጥቂት ወራት በፊት «ውጤትን መሠረት ያደረገ ክፍያ» የተባለ ሥርዓት አመጣ። ስሙን ስንሰማ እኛም ደስ ብሎን ነበር፤ ውጤት ከተባለማ ጋሽ ፊውዝ አለፈለት አልን። ኋላ ስንረዳው ለካ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ከመደበኛው ደመወዝ ላይ ይቀነስና፣ የተቀነሰው በጠገነው ብልሽት ብዛት ተሰልቶ ይመለስለታል። ብዙ የጠገነ ብዙ ያገኛል፤ ጥቂት የጠገነ ጥቂት።

ክቡርነትዎ የጋሽ ፊውዝን አሠራር ዓይተው ስለማያውቁ ላስረዳዎ። ይህ ሰው ነገሩ እስኪበላሽ አይጠብቅም። ነዋሪው ገና ከእንቅልፉ ሳይነሳ ሞተር ክፍሉ በር ላይ ጆሮውን ለጥፎ ያዳምጣል፤ ሞተር ከመታመሙ በፊት ያስላል ባይ ነው። ውሃ እንዳያፈስ የሚይዘውን የቧንቧ ላስቲክ፣ ጎሚኒውን፣ ሳያልቅ ይቀይረዋል፣ የሊፍቱን ገመድ ሳይደርቅ ያለሰልሰዋል፣ የላላ የኤሌክትሪክ ብሎን ሳይግል ያጠብቀዋል። በዚህም የተነሳ እኛ ብሎክ ውስጥ የሚበላሽ ነገር እየጠፋ ሄደ። ያልተበላሸ ደግሞ አይጠገንም፤ ካልተጠገነ አይቆጠርም፤ ካልተቆጠረ አይከፈልም። ሰውየው ሥራውን በሚገባ በሠራ ቁጥር ደመወዙ እየሳሳ ሄደ።

በዚያው ሰሞን አራተኛው ብሎክ ላይ ያለው ቴክኒሻን ኮከብ ሠራተኛ ተብሎ ተሸለመ። ነዋሪዎቹ ፕላስተር ይሉታል፤ ሁሉንም ነገር በፕላስተር ጠቅልሎ ስለሚሄድ ነው። ክፋት የሌለበት፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ በእሱ ቅር የሚለኝ ነገር የለም። አንዱን ቧንቧ ጠቅልሎት ይሄዳል፣ ቧንቧው ያፈሳል፣ ይጠሩታል፣ ተመልሶ ይጠቀልለዋል፤ ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ነው። በመዝገብዎ ላይ ግን እያንዳንዱ ጥቅለላ አንድ ውጤት ሆኖ ሰፍሯል። ዋንጫው ሲሰጠው እኛም ተገኝተን ከልብ አጨብጭበናል። የአራተኛው ብሎክ ነዋሪዎችም ሊያጨበጭቡ አስበው ነበር፤ ሊፍታቸው ቆሞ በደረጃ ሲወርዱ ሥነ ሥርዓቱ አለፈባቸው።

ሦስተኛው ቅሬታ የእኛም እጅ ያለበት ስለሆነ ሳልደብቅ እጽፈዋለሁ።

ጋሽ ፊውዝ የአንዱን ወር ደመወዝ ተቀብሎ ሲመለስ ደረጃው ላይ ያገኘችው የሦስተኛ ፎቋ ነርስ ናት። ሰላም ብትለው አልመለሰላትም፤ የሚሳደብ ሰው ዝም ሲል ደስ አይልም። ማታውኑ በየበሩ እየዞረች አስተባበረችንና፣ ሰውየው ብልሽት ካጣ ብልሽት እንስጠው ተባባልን። ነርሷ የመታጠቢያ ቤቷ ቧንቧ እንደሚያፈስ አመለከተች። የሰባተኛ ፎቅ ባልና ሚስት በሕይወታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማምተው መብራታቸው ብልጭ ድርግም ይላል አሉ። እኔ ማከፋፈያ ሳጥናችን ይሸታል ብዬ ጻፍኩ። አባቴ ደግሞ ሊፍቱ ፍሬን እምቢ ይላል ብሎ በሾፌር ቋንቋ አመለከተ። ለጋሽ ፊውዝ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም፤ ቢነግሩት እንደሚያጋልጠን እናውቃለን።

ዕቃውን ተሸክሞ መጣ። የነርሷን ቧንቧ ፈትቶ ዓየው፤ ደኅና ነው። የእኔን ሳጥን ከፍቶ አሸተተ፤ ምንም የለም። አባቴን ይዞ በሊፍቱ ወጣ ወረደና፣ ወጥቶ ደረጃው መሃል ላይ ቆመ። ያን ቀን የሰማነውን ልጽፈው አልችልም፤ የደብዳቤውን ክብር ይቀንሰዋል። ጭምቁ ግን፣ «የኔ ሥራ ተበላሸ ብላችሁ ስሜን የምታጠፉት ምን አድርጌያችሁ ነው?» የሚል ነበር። ነርሷ እያለቀሰች እውነቱን ብትነግረው ጊዜም «ያልተበላሸ ጠገንኩ ብዬ አልፈርምም» ብሎ ዕቃውን አንስቶ ሄደ። አንዱንም አልፈረመም።

እዚህ ላይ የመሥሪያ ቤትዎ ጥበብ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ። ወሩ ሲያልቅ ለጋሽ ፊውዝ ሁለት ነገር ደረሰው። አንዱ፣ ምንም ብልሽት ስላልጠገነ ከተቀነሰው ደመወዝ የሚመለስለት አለመኖሩን የሚገልጽ ነው። ሌላው፣ በኃላፊነቱ ሥር ባለው ሕንጻ ያልተዘጋ የብልሽት አቤቱታ ከሁሉም ብሎኮች በልጦ ስለተገኘ የሙያ ብቃቱ አጠያያቂ መሆኑን የሚገልጽ የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ ነው። ሁለቱም በአንድ ቀን የተጻፉ፣ የሁለቱም ፊርማ የእርስዎ ነው። ያማረ ፊርማ አለዎት።

ደንግጠን ቢሮዎ ድረስ ሄድን። አቤቱታው የእኛ ቅጥፈት ነው፣ እንሰርዘዋለን አልን። መስኮቱ ላይ ያለችው ሠራተኛዎ፣ እሷም ምን ታድርግ፣ አንድ አቤቱታ የሚዘጋው ቴክኒሻኑ ብልሽቱን መጠገኑን በፊርማው ሲያረጋግጥ ብቻ መሆኑን በትሕትና አስረዳችን። ጋሽ ፊውዝ ደግሞ ያልተበላሸ ጠገንኩ ብሎ አይፈርምም። ስለዚህ እነሆ እስከ ዛሬ ድረስ የነርሷ ደኅናው ቧንቧ በመዝገብዎ ላይ እያፈሰሰ ይገኛል። በዚህ ረገድ ጥፋቱ የእኛ ነው፤ አፍረናልም። እንዲህ ያለውን ጥፋት እንድናስብ ያስቻለን ሥርዓት ስላዘጋጁልን ግን ምስጋናችን ይድረስዎ።

አራተኛ። እስካሁን ስቀልድ ነበር፤ ይህን ስጽፍ ግን መቀለድ አቅቶኛል።

ማዶ ያለው አዲሱ ሕንጻ ጋሽ ፊውዝን ለሥራ ጠይቆታል። በያዘው ፈቃድ ደረጃ ሊከፍሉት፣ የማሳደሻውንም ወጪ ሊችሉለት ነው። ዓርብ መልስ እንዲሰጥ ተነግሮታል። ይህን የነገረው ለአባቴ ነው፣ ሊፍቱን ግሪስ እየቀባ። «አባባ፣ ደመወዙ ማነሱንስ ስንት ዓመት ችዬው ነበር። ሥራ አይችልም የሚል ወረቀት ይዤ ቤቴ ስገባ ግን ልጆቼን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ» አለው። አባቴ ምን ብሎ እንደመለሰለት አልነገረኝም። ያን ቀን ግን ግቢ አልወረደም።

ጋሽ ፊውዝ ከመቀጠሩ በፊት ይህ ሊፍት አንድ ክረምት ሙሉ ቆሞ ነበር፤ ምናልባት ያስታውሱት ይሆናል፣ ቢሮዎ ምድር ላይ ስለሆነ ደግሞ ላያስታውሱትም ይችላሉ። በዚያ ክረምት አባቴ መስኮቱ ሥር ተቀምጦ ግቢውን ሲያይ ይውል ነበር። መጀመሪያ ከእኔ ጋር ይጣላ ነበር፤ ጨው በዛ፣ ኪሮሽ በዛ፣ የስፌት መኪናሽ ድምፅ በዛ ይለኛል። ኋላ ላይ መጣላቱንም ተወው። ያስፈራኝ ያ ነው። ክቡርነትዎ፣ እኔ ያ ዝምታ ተመልሶ እንዳይመጣብኝ ፈርቻለሁ፤ ተናድጃለሁም፤ የዚህ ሁሉ ጨዋ ቃል ፍሬ ነገሩ ይኸው ነው።

ስለዚህ በታላቅ ትሕትና የምንለምነው ይህን ነው። ማስጠንቀቂያው ይነሳለት። ደመወዙ ፈቃዱ በሚጠይቀው ደረጃ ይስተካከልለት፤ ለፕላስተርም እንደዚሁ፣ እሱም ተረጋግቶ እንዲማርና ጎሚኒ የሚባል ነገር መኖሩን እንዲያውቅ። የግድ የሚቆጠር ነገር ካስፈለገ ደግሞ ሊፍቱ ሳይቆም የዋለበት ቀን ይቆጠርለት። የለም፣ የአሁኑ ሥርዓት ይሻላል ካሉ ግን ፍትሐዊ ይሆን ዘንድ በክቡርነትዎም ደመወዝ ላይ እንዲሞከር እንጠይቃለን፤ ከመደበኛው ይቀነስና መልስ በሰጡበት ደብዳቤ ብዛት ተሰልቶ ይመለስልዎ። ወሩን እንዴት እንደሚዘልቁት ግን ከአሁኑ አሳስቦናል።

መዝገብዎ በብልሽት፣ ጠረጴዛዎ በፊርማ የተሞላ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ውድ ጊዜዎን በደኅንነታችን ስላባከንኩብዎ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ከወገቤ ጎንበስ ብዬ እጅ የምነሳዎ፣ ለጊዜው የእርስዎ ተከራይ የሆንኩት፤

የስድስተኛ ፎቋ ልብስ ሰፊ፣ ስለ ራሴ፣ ስለ አባቴና ስለ ብሎኩ ነዋሪዎች

ማስታወሻ፦ ማዶ ላለው ሕንጻ ሥራ አስኪያጅም ክፍት ቤት እንዳላቸው የሚጠይቅ አጭር ማመልከቻ አስገብተን ነበር። ጠዋት አስገብተን ከሰዓት በኋላ መልስ መጣልን፤ ለሁላችንም የሚበቃ አላቸው። ለእኔና ለአባቴ የታሰበልን ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። ከፍታውን ሲሰማ ይደነግጣል ብዬ ፈርቼ ነበር፤ እሱ ግን የጠየቀኝ ጋሽ ፊውዝ እሺ ማለት አለማለቱን ብቻ ነው። ዓርብ ይታወቃል አልኩት። «እንግዲያው እስከ ዓርብ ዕቃ አትሸክፊ፤ ከቀረ እንቀራለን፣ ከሄደ እንሄዳለን» አለኝ። የቤት ኪራያችንም አብሮን እንደሚሄድ ለክቡርነትዎ ማስታወስ ድፍረት ስለሚሆንብኝ ሳልጽፈው ትቼዋለሁ።